የሰንበት ገበያ በአንድ ቤተሰብ ደብተር ሲመዘን

ይህ ጽሑፍ የሚገመግመው በምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር ዘወትር እሁድ የሚቆመውን ገበያ ነው። አንዳንዱ የእሁድ ገበያ፣ አንዳንዱ ደግሞ የሰንበት ገበያ ይለዋል። ገበያውን የማውቀው አንድ ቀን ዞር ዞር ብዬ በማየት ሳይሆን ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከ13 ዓመቷ ልጄ ጋር ዘንቢል ይዤ በመመላለስ ነው። የገዛነው ሁሉ፣ ያው ዕቃ በዚያው ሳምንት በሰፈራችን ሱቅ የተሸጠበት ዋጋ፣ ለመጓጓዣ የከፈልነውና ቤት ደርሶ የተበላሸው ጭምር ልጄ በምትይዘው ደብተር ላይ ሰፍሯል፤ ከዚህ በታች የምሰጠው አስተያየትም ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። ገበያው ርካሽ ነው ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አዎ ነው። ነገር ግን ቅናሹ ሰው እንደሚያወራው የበዛ አይደለም፤ ያለውም ቢሆን ቅዳሜ ማታ ተቀምጦ ላልመከረ ቤተሰብ እምብዛም አይተርፈውም።

ወደዚህ ገበያ የወሰደን ችግር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባው ዘይትና መድኃኒት ቀርቶ እዚሁ የሚበቅለው ድንችና ሽንኩርት እንኳ ነዳጁንና ማጓጓዣውን ተከትሎ መጨመሩ አልቀረም። በቤታችን አምስት ነን፦ የመንግሥት ሠራተኛ የሆንኩት እኔ፣ ነርስ የሆነችው ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲስተካከል ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሏል፤ እኔ ባለሁበት ደረጃ የደረሰኝ ጭማሪ ግን በመቶኛ ሲሰላ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ታናሹ ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት በምገባ መርሐ ግብሩ ቁርስና ምሳ ማግኘቱ ትልቅ እፎይታ ሆኖልናል፤ ይሁንና የአምስት ሰው እራት በየቀኑ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሦስቱም ማዕድ በቤት ነው። ባለቤቴ አብዛኛውን እሁድ ተረኛ ስለሆነች ገበያው በእኔና በልጄ ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ስንት እንደሆነ ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር፤ ማፈር የሚገባኝ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

እነዚህ ገበያዎች በአዲስ አበባ የተጀመሩት በ2014 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ፋብሪካዎችና ጅምላ ነጋዴዎች ደላላ መሐል ሳይገባ ድንኳን ተክለው በቀጥታ ለሸማቹ እንዲሸጡ፣ ዋጋውም በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሁሉም እንዲያየው ነው። ሻጩ የሱቅ ኪራይ ስለማይከፍል ዋጋውን የሚቀንስበት በቂ ምክንያት አለው። በእኛ ገበያ ግን ዩኒየኖቹ የሚቆሙባቸው ድንኳኖች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹን የያዙት በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ሌላ ቦታ የሚነግዱ ሰዎች ናቸው። ይህን የምለው ነጋዴውን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱም ሌሊት ተነስቶ፣ ጭኖና አውርዶ ነው እዚያ የሚቆመው። ነገር ግን ገዢው ከገበሬው እጅ እየገዛሁ ነው ብሎ ዓይኑን መጨፈን የለበትም።

ገበያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም መሞቅ ይጀምራል። በመግቢያው በኩል ጥራጥሬና ዱቄት፣ መሐል ላይ አትክልት፣ በወዲያኛው ጫፍ ዘይት፣ ፓስታና ሳሙና ተደርድረዋል። ማልዶ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ሽንኩርት ቅርፊቱ ደርቆ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ፣ አንገቱ የጠበበና ጠንካራ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚደርሰው ሌላው ሲመርጥ ያስቀረውን ያነሣል። ከ6 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሻጩ የተረፈውን መልሶ መጫን ስለማይፈልግ ዋጋውን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዚህ ገበያ ሁለት ጥሩ ሰዓቶች አሉ፤ ለሳምንት የሚቀመጠውን ዕቃ ማልዶ፣ በዚያው ቀን ለሚበስለው ቲማቲምና ጎመን ደግሞ ገበያው ሊበተን ሲል መሄድ ይሻላል። በ4 እና በ6 ሰዓት መካከል የሚሄድ ሰው ግን ግፊያውን ችሎ መካከለኛ ዕቃ በሙሉ ዋጋ ይገዛል። አብዛኛው ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመስለኛል፣ የሚመጣው በዚሁ ሰዓት ነው።

አማቴ አንድ እሁድ አብረውን መጥተው ነበር። ጤፍ የሚሸጥበት ድንኳን ስንደርስ ዋጋ አልጠየቁም። ከጆንያው በእጃቸው ዘግነው ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው ሁለት ጊዜ አፈሰሱት፣ በቀስታ እፍ አሉበት፤ ገለባው በረረ። ከዚያ የቀረውን በአውራ ጣታቸው እያሹ ወደ ጎን ሲገፉት ጤፉ ተንከባሎ ሄደና መዳፋቸው ላይ ሽበት የመሰለ ደቃቅ አሸዋ ቀረ። “ልጄ፣ ይኼ ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ መንገድ ነው” አሉት ሻጩን። ሻጩ ሳቀ፤ ምንም ሳይከራከር ከኋላ ያለውን ሌላ ጆንያ ፈታላቸው። በዚያ ቀን የተማርኩት በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ዋጋ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ እንደሚሸጥና የተሻለው የሚወጣው መመርመር ለሚያውቅ ሰው ብቻ እንደሆነ ነው። ዱቄት ሆኖ የቀረበ ጤፍ ከዚህ ገበያ ገዝተን የማናውቀውም ለዚሁ ነው፤ የተፈጨ ነገር በመዳፍ አይመረመርም።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ገና በጀመርንበት ወር አንድ እሁድ 10 ኪሎ ሽንኩርት፣ 5 ኪሎ ድንች፣ 3 ኪሎ ቲማቲም፣ 15 እንቁላልና 2 ኪሎ ምስር ክክ ገዛን። ከሰፈራችን ሱቅ ጋር ሲነጻጸር በሽንኩርቱ በኪሎ 12 ብር፣ በድንቹ 8፣ በቲማቲሙ 10፣ በምስሩ 15፣ በእንቁላሉ ደግሞ በፍሬ 1 ብር ተርፎናል፤ ሲደመር 235 ብር ይሆናል። ለባጃጅ ደርሶ መልስ 60 ብር ከፍለናል፤ ስለዚህ የተጣራው ትርፍ 175 ብር ነው። በወር አራት እሁድ ሲባዛ ለእንደኛ ዓይነት ቤት የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። ታዲያ በዚያው ቀን ከገበያው ስንወጣ አንድ ሻጭ “ቅናሽ! ቅናሽ!” እያለ የሚያሞግሰው ሰማያዊ ሳፋ ዓይኔ ውስጥ ገባና 250 ብር ከፍዬ ገዛሁ። ቤታችን ሳፋ አልጎደለውም። ልጄ ማታ ሒሳቡን ስትሠራ ለሁለታችንም ግልጽ የሆነው የዚያ ቀን ገበያ 75 ብር እንዳከሰረን ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሳይታቀድ የሚገዛ ነገር ሁሉ ስሙ ሳፋ ሆነ። ብስኩትም ቢሆን፣ የፕላስቲክ አበባም ቢሆን ሳፋ ነው። ደብተሩም ላይ “ሳፋ” የሚል የራሱ ዓምድ ተሰመረለት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሁሉም ዓምድ ፈጥኖ የሚሞላው እሱ ነበር።

ገበያው ለዚህ ዓይነቱ ስህተት የተመቸ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው። ሰው በሰው ላይ ነው፣ ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም “ዛሬ ብቻ” ይላል፤ ከሱቅ ባነሰ ዋጋ እየገዛ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ብዙ በገዛ ቁጥር ብዙ ያተረፈ ይመስለዋል። እኛ ያገኘነው መፍትሔ ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው። ታናሹ ልጄ ወጥ ቤት ገብቶ የሽሮውን፣ የበርበሬውን፣ የዘይቱንና የክኩን ዕቃ እየከፈተ ምን ያህል እንደቀረ ይናገራል፤ አማቴ በሳምንቱ ምን ምን እንደሚሠራ ይወስናሉ፤ ባለቤቴ ከወር ወጪው ለዚህ እሁድ የሚወጣውን ብር ትቆርጣለች፤ ልጄ ትጽፋለች። የእኔ ድርሻ መሸከም ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ዕቃውን እየከፈተ ማየት ከጀመረ ወዲህ ሳህኑ ላይ የሚያስተርፈው እንጀራ መቀነሱን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ይህን ግን ገበያው አመጣው ማለት አልችልም።

የዚህ ገበያ ዋነኛ ጉድለት ሚዛን ነው። በኅዳር ወር አንድ እሁድ 5 ኪሎ ተብሎ የተመዘነልን ድንች ቤት ስንደርስ በእጅ በምትንጠለጠል ትንሽ ሚዛን 4 ኪሎ ከ600 ግራም ሆኖ ተገኘ። የጎደለው 400 ግራም ትንሽ ይመስላል፤ በዚያ ቀን ዋጋ ሲሰላ ግን ከድንቹ ያተረፍነውን ግማሽ ያህል ወስዷል። በሚቀጥለው እሁድ ሚዛኗን ይዘን ሄድን፤ ሻጩ የጎደለውን ሳይከራከር ሞላልን፣ ይቅርታም ጠየቀ። አልጣላሁትም፤ ሚዛኑን ያበላሸው እሱ ይሁን ሜዳው ላይ አለመስተካከሉ ማወቅ አልቻልኩም። ሰደርያ ለብሰው ገበያውን ለሚቆጣጠሩት ሠራተኞች ሳመለክት ግን የማረጋገጫ ሚዛን በዕለቱ እንዳልመጣ ነገሩኝ፣ በኋላም ስጠይቅ መልሱ ያው ነበር። በአንድ ገበያ መግቢያ ላይ ማንም ሰው ዕቃውን አስቀምጦ የሚያረጋግጥበት አንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም። እስከዚያው የእኛዋ ሚዛን ሥራዋን ትሠራለች፤ ልጄ ገና ከሩቅ ስትታይ “ባለ ሚዛኗ መጣች” እያሉ እርስ በርስ የሚቀላለዱ ሻጮች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ የሚመዝኑላትም ጨምረው ነው።

ገበያው በጣም የጠቀመን በችርቻሮ ስንገዛበት ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ሆነን ስንገዛበት ነው። የሥጋ ቅርጫ የማያውቅ የለም፤ በበዓል ሰሞን ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ገዝቶ፣ አርዶ፣ መድቦ፣ በዕጣ ይካፈላል። በጥር ወር አማቴ “በሬ በቅርጫ የሚበላ ሰው ሽንኩርት በኪሎ ሲገዛ አያፍርም?” ብለው የሳቅ ያህል ያነሡት ነገር ቁም ነገር ሆነና በግቢያችን ያለን ሦስት ቤተሰቦች አንድ ሙሉ ጆንያ ሽንኩርት ገዛን። ገበያው ሊበተን ሲል ሙሉ ጆንያ ለሚያነሣ ሰው ሻጩ በኪሎ ከሚሸጥበት ዋጋ ላይ ደህና አድርጎ ይቀንሳል፤ የባጃጁም ወጪ ለሦስት ይካፈላል። ግቢ ደርሰን ሸራ አነጠፍንና አማቴ ሽንኩርቱን በመጠኑ ለዩት፦ ትልልቁ ለብቻ፣ ደቃቁ ለብቻ፣ የተሰነጠቀውና አንገቱ የረጠበው ለብቻ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ዓይነት እኩል እኩል እያነሡ ሦስት መደብ አደረጉት። አንዱ ጎረቤት ከመደቡ አንድ ትልቅ ሽንኩርት ሊያነሣ እጁን ሲሰድ “ዕጣ ሳይወጣ አይነካም!” ብለው እንደ ሻኛ ጠበቁት። አንደኛው ቁልፍ፣ አንደኛው የጠርሙስ ክዳን፣ እኔ ደግሞ ሳንቲም ሰጠን፤ ማን ምን እንደሰጠ ያላየው ታናሹ ልጄ በየመደቡ ላይ አስቀመጠው። የእኛ ድርሻ የተቀመጠው በዚያ ሰማያዊ ሳፋ ነው። በመጨረሻ ሥራ አገኘ።

ቅርጫውም የራሱ ችግር አለው። በመጀመሪያው ጊዜ ድርሻችንን በጆንያ እንደታሰረ በረንዳ ላይ አስቀመጥነውና ከታች ያለው ሞቆና ረጥቦ ሦስት ኪሎ ያህል ተበላሸብን፤ ትርፉ ሄደ ማለት ነው። አሁን ሽንኩርቱ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ ድንቹ ከእሱ ተለይቶ ብርሃን የሌለበት ጥግ ያድራል፤ የተሰነጠቀውና የረጠበው ደግሞ ሳይውል ሳያድር በዚያው እሁድ ተከትፎ ቁሌት ይሆናል። የእሁድ ማታ ቁሌት ለሦስት ቀን ወጥ ይበቃል፤ በሥራ ቀን ማታ መብራት ቢጠፋ እንኳ የወጡ ከባዱ ሥራ ያለቀ ስለሆነ የቀረውን በከሰል ምድጃ መጨረስ ይቻላል። ሦስቱም ቤተሰቦች የሚስማሙበት ሌላ ደንብ ደግሞ ገንዘቡ ቅዳሜ ማታ ሳይሰበሰብ ማንም በማንም ስም እንዳይገዛ ነው። አንድ ጊዜ በቃል ብቻ ተስማምተን የአንዱ ጎረቤት ደመወዝ ዘግይቶ ሁለት ሳምንት ተሳቅቀናል፤ ከእኔ ይልቅ የተጨነቀው ሰውየው ራሱ ነበር።

ሌላው ደብተሩ ያስተማረን ነገር ወቅት ነው። የሽንኩርት ዋጋ ክረምቱ ሲያበቃ ይሰቀላል፤ ከጥር ወዲህ በመቂና በዝዋይ አካባቢ በመስኖ የለማው በብዛት ሲገባ ይወርዳል፤ ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ እንደገና ይነሣል። ፋሲካ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን ስለሚውል የዶሮ ወጡን ሽንኩርት መጋቢት 28 እሁድ ገዝተን አስቀመጥን፤ ዋዜማው ላይ የሰፈር ሱቅ ዋጋ ሲሰማ ባለቤቴ ደብተሩን ከፍታ ያየችበትን ፈገግታ አልረሳውም። የዐቢይ ጾም 55 ቀንም በእኛ ዓይነት ቤት ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እንቁላል፣ ቅቤና ወተት ከዝርዝሩ ይወጣሉ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይጨምራሉ። ጾም ወጪ ይቀንሳል የሚለው አባባል በደብተራችን ላይ ግማሽ እውነት ሆኖ ነው የተገኘው፤ ዘይቱ የወተቱንና የእንቁላሉን ትርፍ በልቶታል። በዚህ ላይ ዘይት በዚህ ገበያ በጣም የሚያስቸግር ነገር ነው። ፋብሪካው ወይም አከፋፋዩ በቅናሽ ያመጣው እንደሆነ ሰልፉ ከንጋቱ ይጀምራል፤ 3 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ተሰልፈን ባዶ እጃችንን ከተመለስን በኋላ ዘይትን ከዝርዝሩ አውጥተን አባል በሆንበት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ መጠበቅ መርጠናል።

ጤፍ ብቻውን ብዙ ያስወራል። በእኛ ቤት ትልቁ ወጪ እሱ ነው፤ አዲሱ ምርት በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ገበያ የሚገባው በጥር ግድም ስለሆነ ዓመቱን የሚያቀለው ግዢ በዚያን ጊዜ የሚደረገው ነው። ችግሩ በጥር ወር በአንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ ደመወዝተኛ እጅ ላይ አለመኖሩ ነው። ከእሁድ ገበያ የሚተርፈውን ብር ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቷ ባለው ወርኃዊ ዕቁብ ላይ መጣል የጀመረችው ለዚሁ ነው። ዕጣው በታኅሣሥ ሳይወጣላት ቀረ፤ የወጣላት የሥራ ባልደረባዋ ግን ገንዘቡን የምትፈልገው ለመጋቢት ስለነበር ተቀያየሩ። ማኛውን ትተን ሠርገኛ ጤፍ ለመግዛት የወሰንነውም ያን ጊዜ ነው። በቤታችን ከባዱ ክርክር የተነሣው በዚህ ጉዳይ ነው፤ አማቴ “እንግዳ ሲመጣ ምን ልናቀርብ ነው?” አሉ። በኪሎ ያለው የዋጋ ልዩነት ተነበበላቸው፤ ዝም አሉና በመጨረሻ “እንግዳውም ያንኑ ነው የሚበላው” ብለው ዘጉት። ጤፉን ከዚሁ ገበያ ገዛን፣ በእሳቸው መዳፍ ካለፈው ጆንያ። ወፍጮ ቤትም ድረስ አብረውት ሄደው፣ ቆመው አስፈጭተውታል። ስለ ጥራቱ የምነቅፈው ነገር የለኝም፤ እንጀራው ዓይኑ ያምራል፣ በሦስተኛው ቀንም አይደርቅም።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ላነጻጽረው። ሃይሌ ጋርመንት ያለው አትክልት ተራ ዋጋው ከእሁድ ገበያው ይቀንሳል፤ ከእኛ ሰፈር ግን ሩቅ ነው፣ ለ10 ኪሎ ብሎ የሚሄድ ሰው ትርፉን ለታክሲ ይሰጣል። ለቅርጫ ካልሆነ አልመክረውም። የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ዋጋው የታወቀና ሚዛኑ የታመነ ነው፤ ዕቃው ግን ሲኖር ይኖራል፣ ሳይኖር የለም። ጉሊት ለሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርትና ለአንድ እስር ቆስጣ የሚተካት የለም፤ ከእሷ ጋር ዋጋ ማወዳደርም ነውር ይመስለኛል። የሰፈሩ ሱቅ ነገር ትንሽ ከበድ ይላል። ቀድሞ ወር ሙሉ በዱቤ እንወስድ ነበር፤ ደመወዝ ሲመጣ ግማሹ እዚያ ይቀር ነበር፣ ምን እንደወሰድንም የምናውቀው ከባለሱቁ መዝገብ ነበር። የራሳችን ደብተር ከተጀመረ ወዲህ ዱቤው ከሞላ ጎደል ቀርቷል። ሆኖም ሳሙናውን፣ ክብሪቱንና የስልክ ካርዱን ዛሬም ከእሱ እንገዛለን። አማቴ በክረምቱ በሌሊት ሲታመሙ ለሆስፒታል የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ያበደረን እሱ ነበር፤ የእሁድ ገበያ ሻጭ ስሜን እንኳ አያውቅም። በኪሎ 12 ብር ለመቆጠብ ብሎ ከባለሱቁ ጋር ሙሉ በሙሉ መቆራረጥ ደብተር ላይ የማይታይ ኪሳራ አለው።

የቀሩትን ጉድለቶች በአጭሩ ልናገር። ሜዳው ጥላ የለውም፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ያጠልቃል፣ አትክልቱም በዝናብ የራሰ ስለሚሆን ሚዛን ላይ ውኃ እንገዛለን። ለአረጋውያን የሚሆን መቀመጫ የለም፤ አማቴ ሁለተኛ ያልመጡት ለዚህ ነው። በሰሌዳ የተለጠፈው ዋጋና ድንኳኑ ውስጥ የሚጠየቀው ዋጋ የማይገጥምባቸው ቀናት አሉ፤ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይዞ መግባት ክርክሩን ያሳጥራል። አንዳንድ ቸርቻሪዎች ማልደው ገብተው ጥሩ ጥሩውን በጆንያ ያነሣሉ፤ ያንኑ ሽንኩርት ሰኞ ዕለት በሰፈር ዋጋ ሲሸጥ አይቼዋለሁ። እኛም በቅርጫ ጆንያ ስለምናነሣ በዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ይከብደኛል፤ ልዩነቱ እኛ ለመብላት መግዛታችን ነው። ክፍያን በተመለከተ አብዛኛው ሻጭ በቴሌብር ይቀበላል፤ ይህ ለደብተሩ ሥራ ምቹ ነው፣ መልእክቱ እንደ ደረሰኝ ያገለግላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሰልፉ ይቆማል፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር መያዝ ይበጃል።

ገበያው የሚስማማው ማን ነው? ለብቻው የሚኖር ሰው ወይም ሁለት ሆነው የሚኖሩ ሰዎች በወር አንድ ጊዜ ጥራጥሬና ድንች ለመግዛት ቢሄዱ ይበቃቸዋል፤ በየሳምንቱ መሄድ ጊዜውንም የባጃጁንም ገንዘብ አይመልስም። አራትና ከዚያ በላይ ሰው ላለበት ቤት፣ በተለይ በእግር ለሚደርስ፣ በየእሁዱ መሄድ ያዋጣል። ጎረቤት ያለውና ከጎረቤቱ ጋር የሚተማመን ሰው በየሁለት ሳምንቱ ጆንያ እየገዛ ቢካፈል ከሁሉም የተሻለ ትርፍ ያገኛል። ልጅ ይዞ መሄድን በተመለከተ ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግፊያው አይሆንም፤ ከፍ ላለ ልጅ ግን ሥራ ሰጥቶ መውሰድ መልካም ነው። ልጄ አሁን ሻጩ በአፉ የደመረውን ሒሳብ በወረቀት ሳትጽፍ ታርማለች፤ ሁለት ጊዜ ለሻጩ የጎደለበትንም ነግራዋለች።

ባለፈው እሁድ በዚያው ጥግ ላይ ፔርሙዝ በቅናሽ ይሸጥ ነበር። አነሣሁት፣ ክዳኑን ከፍቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ልጄ ምንም አልተናገረችም፤ ደብተሩን ከዘንቢሉ አውጥታ እስክሪብቶዋን ከፈተችና ጠበቀችኝ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ ያን ዕለት በሳፋው ዓምድ ሥር ዜሮ ተጻፈ።